ዜቡሎን ፓይክ፦ ያልወጣው ተራራ በስሙ የተጠራለት ወታደር

ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ከዴንቨር ወይም ከአውሮራ ወደ ደቡብ የተመለከተ ሰው፣ ከሌሎቹ ተነጥሎ የቆመ፣ አናቱን በረዶ ያለበሰው ተራራ ይታየዋል። ፓይክስ ፒክ ይባላል፤ ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 4,302 ሜትር ነው። በኮሎራዶ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ስሙን ያውቁታል። የስሙን ባለቤት ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው። አሜሪካ 250ኛ፣ ኮሎራዶ ደግሞ 150ኛ ዓመታቸውን በሚይዙበት በ2026 ግን የእንዲህ ያሉ ሰዎች ታሪክ መወራቱ አይቀርም።

ስለ ዜቡሎን ፓይክ ሲነገር ሦስት ነገር ይደጋገማል፦ ተራራውን አገኘው፣ ተራራውን ወጣው፣ ስፔንን ሊሰልል ሄዶ ተያዘ። የመጀመሪያው ልክ አይደለም። ሁለተኛውም ልክ አይደለም። ሦስተኛው ረጋ ብሎ መመርመርን ይፈልጋል፤ ምክንያቱም የላከው ጄኔራል ራሱ የስፔን ደመወዝተኛ ነበር። ከታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሰውዬው ከየት መጣ?

ፓይክ ጃንዋሪ 5 ቀን 1779 በኒው ጀርሲ ተወለደ። አባቱም ስሙ ዜቡሎን ፓይክ ነው፤ በነጻነት ጦርነቱ የተዋጋ፣ በኋላም በመደበኛው ጦር ውስጥ የቆየ መኮንን ነበር። ልጁ አባቱን እየተከተለ በኦሃዮ ወንዝ አካባቢ ከአንዱ ምሽግ ወደ ሌላው ሲዛወር አደገ።

ይህ አካባቢ በዚያን ጊዜ ጠረፍ ነበር። የአሜሪካ ጠረፍ በካርታ ላይ የተሰመረ መስመር አልነበረም። ነጮቹ የሰፈሩበት አገር አልቆ የነባር ሕዝቦች አገር የሚጀምርበት፣ በየዓመቱ ወደ ምዕራብ የሚገፋ ሰፊ ቀጠና ነው። መንግሥት እዚያ የሚታወቀው በጥቂት የእንጨት ምሽጎችና በውስጣቸው ባሉ ወታደሮች ብቻ ነበር።

ፓይክ በ15 ዓመቱ አባቱ ባለበት ጦር በእጩ መኮንንነት ተቀጠረ፤ በ1799 መኮንን ሆነ። ትምህርት ቤት ብዙም አልገባም። ፈረንሳይኛ፣ ስፓኒሽ፣ ላቲንና ሒሳብ በራሱ ጥረት ከመጽሐፍ ተማረ። በ1801 ክላሪሳ ብራውን የምትባል የኬንታኪ ልጅ አገባ። የረባ ጦርነት ባልነበረበት በዚያ ዘመን በየምሽጉ ስንቅ ሲቆጥርና ጀልባ ሲያስጭን የኖረ፣ ስሙ እንዲነሳ አብዝቶ የሚመኝ ወጣት ነበር። ይህ ምኞቱ በኋላ ሰዎቹን ምን ያህል እንዳስከፈላቸው እናያለን።

አሜሪካ ምን ገዝታ ነው እሱን የላከችው?

በ1803 የፕሬዚዳንት ቶማስ ጄፈርሰን መንግሥት ሉዊዚያና የሚባለውን ግዛት ከናፖሊዮን ፈረንሳይ በ15 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። የዛሬዋን አንድ የሉዊዚያና ክፍለ ግዛት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከሚሲሲፒ ወንዝ እስከ ሮኪ ተራሮች የሚዘረጋ፣ ወደ 2.1 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር የሚገመት አገር ነው። የአሜሪካ ስፋት በአንድ ቀን ፊርማ እጥፍ ሆነ።

ችግሩ ወሰኑ ነበር። አንድ ሰው የወሰን ድንጋይ ያልተተከለበት መሬት ቢገዛ፣ ሻጩ «እስከ ወንዙ ድረስ ነው» ብሎ ገንዘቡን ተቀብሎ ቢሄድ፣ ጎረቤቱ ደግሞ «የትኛው ወንዝ?» ቢል ክርክሩ የሚወድቀው በገዢው ላይ ነው። ጎረቤቷ ስፔን ነበረች። ቴክሳስን፣ ኒው ሜክሲኮንና ከዚያ በታች ያለውን ሜክሲኮን በሙሉ ይዛለች። ሉዊዚያናንም ቢሆን ለፈረንሳይ የሰጠችው ገና በቅርቡ ነው፤ ያውም ፈረንሳይ ለሌላ አገር አሳልፋ እንዳትሰጥ ቃል አስገብታ። በስፔን ዓይን ሽያጩ ራሱ ሕጋዊ አልነበረም።

አንድ ነገር ደግሞ መዘንጋት የለበትም። ፈረንሳይ የሸጠችው የይገባኛል ጥያቄዋን እንጂ የምትቆጣጠረውን አገር አልነበረም። በምድሩ ላይ የሚኖሩት ዳኮታዎች፣ ኦሴጆች፣ ፓውኒዎች፣ ኮማንቼዎች፣ ዩቶችና ሌሎችም ነበሩ። አንዳቸውም አልተጠየቁም። ዋሽንግተን የገዛችውን ባታውቅም እነሱ የሚኖሩበትን አገር ሸለቆ በሸለቆ፣ ምንጭ በምንጭ ያውቁት ነበር። ፓይክ የሄደባቸው መንገዶች በአብዛኛው የእነሱ መንገዶች ናቸው።

ጄፈርሰን ሜሪዌዘር ሉዊስንና ዊሊያም ክላርክን ወደ ሰሜን ምዕራብ ላኩ። ፓይክን ግን ጄፈርሰን አልላኩትም። የላከው ጄኔራል ጄምስ ዊልኪንሰን ነው።

ዊልኪንሰን ምን ዓይነት ሰው ነበር?

ዊልኪንሰን የአሜሪካ ጦር የበላይ አዛዥ ነበር። በ1805 ደግሞ መቀመጫውን ሴንት ሉዊስ ላይ አድርጎ የላይኛው ሉዊዚያና አገረ ገዥ ሆነ። በዚያው ጊዜ ከስፔን በምስጢር ገንዘብ ይቀበል ነበር። ለስፔን ንጉሥ በ1787 ታማኝነቱን በጽሑፍ ያረጋገጠ ሲሆን በስፔን መዛግብት መጠሪያው «ቁጥር 13» ነው። በ1804 የስፔን ባለሥልጣናት ሉዊስንና ክላርክን በኃይል እንዲያስቆሙ በጽሑፍ መክሯል። በሕይወት ሳለ ብዙ ሰው ጠርጥሮት፣ ብዙ ጊዜም ተመርምሮ ማስረጃ አልተገኘበትም። ሰነዶቹ በስፔን መዛግብት ውስጥ የተገኙት ከሞተ በኋላ ነው።

በዚህ ላይ አሮን በር አለ። በር የጄፈርሰን ምክትል ፕሬዚዳንት የነበረ፣ በ1804 አሌክሳንደር ሃሚልተንን በሽጉጥ ግጥሚያ የገደለ ፖለቲከኛ ነው። ከሥልጣን ሲወርድ ወደ ምዕራብ ሄዶ ሰውና መሣሪያ ማሰባሰብ ጀመረ። የስፔንን ግዛት ለመውረር ይሁን፣ ምዕራቡን ከአሜሪካ ለመገንጠል ይሁን ዛሬም ድረስ ያከራክራል። ከተባባሪዎቹ ዋነኛው ዊልኪንሰን ነበር። በ1806 መጨረሻ ነገሩ ሊበላሽ መሆኑን ሲያይ ዊልኪንሰን በርን ለጄፈርሰን አሳልፎ ሰጠው።

መቶ አለቃ ፓይክ ትእዛዝ የተቀበለው ከዚህ ሰው ነው።

የመጀመሪያው ጉዞ ምን ፈልጎ ነበር?

ፓይክ ኦገስት 9 ቀን 1805 ሃያ ወታደሮች ይዞ በጀልባ ከሴንት ሉዊስ ወደ ሰሜን ተነሳ። የተሰጠው ሥራ የሚሲሲፒን ምንጭ መፈለግ፣ ለምሽግ የሚሆን ቦታ መምረጥና ከነባር ሕዝቦች ጋር መዋዋል ነበር። አካባቢውን እንደ አገራቸው ቆጥረው ጸጉራም ቆዳ ለሚነግዱት የብሪታንያ ነጋዴዎችም አሁን አሜሪካ ግዛት ውስጥ መሆናቸውን እንዲነግር ታዟል።

ምንጩን ሳተው። ሊች ሐይቅ ደርሶ «ይህ ነው» አለ፤ ትክክለኛው ምንጭ ኢታስካ ሐይቅ መሆኑን ሄንሪ ስኩልክራፍት የመሰከረው በ1832 ነው፤ እሱንም መርቶ ያደረሰው ኦዛዊንዲብ የሚባል የኦጂብዌ ሰው ነበር። ሊች ሐይቅ ላይ ፓይክ ያደረገው ሌላ ነገር አለ። የብሪታንያ ነጋዴዎች በጣቢያቸው ላይ የሰቀሉትን ባንዲራ ሰዎቹ ተኩሰው እንዲጥሉት አደረገ። በዚያ ክረምት ያስጠጉት፣ ያበሉትም እነዚሁ ነጋዴዎች ነበሩ።

ከሁሉ የከበደው ግን ቀደም ብሎ ሴፕቴምበር 23 ቀን 1805 የተፈረመው ውል ነው። የሚኒሶታ ወንዝ ከሚሲሲፒ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ባለች ደሴት ላይ ፓይክ የዳኮታ መሪዎችን ሰብስቦ ለምሽግ የሚሆን መሬት ጠየቀ። ወደ 40,000 ሄክታር ነው። ከተሰበሰቡት ሰባት መሪዎች የፈረሙት ሁለቱ ናቸው። በውሉ ላይ ዋጋው የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ቀረ። ፓይክ በዕለቱ ያከፋፈለው 200 ዶላር ገደማ የሚያወጣ ስጦታና 60 ጋሎን አረቄ ነበር፤ መሬቱን ግን ራሱ 200,000 ዶላር ገምቶታል። ወደዚህ ውል መጨረሻ ላይ እንመለሳለን።

ሁለተኛውስ ጉዞ?

በኤፕሪል 1806 መጨረሻ ሴንት ሉዊስ ገባ። ከሦስት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ ጁላይ 15፣ እንደገና ወጣ፤ አሁን ወደ ምዕራብ። በይፋ የተሰጠው ሥራ ከምርኮ የተለቀቁ 51 የኦሴጅ ሰዎችን ወደ መንደራቸው ማድረስ፣ የተጣሉ ሕዝቦችን ማስታረቅ፣ ከኮማንቼዎች ጋር መገናኘት፣ የአርካንሳስንና የሬድ ወንዞችን ምንጭ መፈለግ ነበር። ከሃያ ጥቂት የሚበልጡ ሰዎች ይዟል። የጄኔራሉ ልጅ መቶ አለቃ ዊልኪንሰንና ጆን ሮቢንሰን የሚባል ሐኪም አብረውት ነበሩ። ሐኪሙ ወታደር አልነበረም፤ በፈቃዱ የተከተለ ነው።

ሬድ ወንዝ ለምን አስፈለገ? አሜሪካ ከስፔን ጋር ወሰን አድርጋ ልታቀርበው ከምትችላቸው ወንዞች አንዱ ስለሆነ ነው። የወንዙን ምንጭ ያወቀ በድርድር ጠረጴዛ ላይ የሚዘረጋው ካርታ ይኖረዋል።

በሴፕቴምበር መጨረሻ በዛሬዋ ነብራስካ ወደሚገኝ የፓውኒ መንደር ደረሱ። ከእነሱ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ፋኩንዶ መልጋሬስ የሚባል የስፔን መኮንን በመቶ የሚቆጠሩ ፈረሰኞች ይዞ አልፎ ነበር፤ የስፔን ባንዲራም በመሪው ደጃፍ ላይ ይውለበለባል። ፓይክ በጉባኤው ላይ ባንዲራው ወርዶ የአሜሪካው እንዲሰቀል ጠየቀ። ዙሪያውን ያሉት የፓውኒ ተዋጊዎች ከሰዎቹ ብዙ እጥፍ ናቸው። ዝም ተባለ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ተነስተው የስፔኑን ባንዲራ አውርደው እግሩ ሥር አኖሩት፤ የአሜሪካውን ሰቀሉ። ፓይክ የሰዉ ፊት መጥቆሩን አየ፤ ስፔኖች ቢመለሱ ቅጣቱ የሚወርደው በእነሱ ላይ ነው። የስፔኑን ባንዲራ መልሶ ሰጣቸው፤ እሱ እስካለ ድረስ ብቻ እንዳይሰቅሉት ለመነ። በማስታወሻው ከተዋቸው ገጾች ሁሉ አስተዋይነቱ ደምቆ የሚታየኝ እዚህ ላይ ነው።

የፓውኒው መሪ ለስፔኖች ቃል ገብተው ስለነበር እንዲመለስ ነገሩት። አልሰማም። በኦክቶበር መጨረሻ የጄኔራሉ ልጅ ከአምስት ሰዎች ጋር የአርካንሳስን ወንዝ ተከትሎ ወደ ታች ሲመለስ ፓይክ 15 ሰዎች ይዞ ወደ ላይ ቀጠለ።

ተራራውን ወጣው ወይስ አልወጣውም?

አልወጣውም። ኖቬምበር 15 ቀን 1806 በምዕራብ በኩል ትንሽ ሰማያዊ ደመና የመሰለ ነገር አየ። መነጽሩን አነሳ፤ ተራራ ነው። ቅርብ መስሎት የነበረው ተራራ ሲሄዱ ሲሄዱ አልደርስ አላቸው። ከሳምንት በላይ ተጉዘው ዛሬ ፑዌብሎ ከተማ ባለችበት ቦታ ሰፈሩ። ፓይክ፣ ሐኪሙና ሁለት ወታደሮች ወጥተው ባንድ ቀን ሊመለሱ ተነሱ። ብርድ ልብሳቸውንና ስንቃቸውን ተራራው ግርጌ ትተው ሄዱ።

ለበጋ የተሰፋ ስስ የጥጥ ልብስ ነበር የለበሱት፤ ካልሲ አልነበራቸውም። ኖቬምበር 27 ከአንድ ሌላ ትንሽ ተራራ አናት ላይ ሲደርሱ በረዶው እስከ ወገባቸው ነው፤ ብርዱ ከዜሮ በታች። ደመናው ከበታቻቸው ተነጥፏል። ዋናው ተራራ ገና ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ እነሱ ካሉበትም እጅግ ከፍ ብሎ ቆሟል። ሁለት ቀን ሊሞላቸው ነው፤ እህል አልቀመሱም። ፓይክ በዚያ ሁኔታ ማንም ሰው ጫፉ ላይ ሊደርስ አይችልም ብሎ ጽፎ ተመለሰ። በኋላ ከፍታውን ለክቶ ከ5,600 ሜትር በላይ አደረገው፤ ከ1,300 ሜትር በላይ አጋንኖታል።

ተራራውን በ1820 ኤድዊን ጄምስ የሚባል የጉዞ ቡድን ሐኪምና የዕፅዋት አጥኚ ወጣው። በጽሑፍ የተመዘገበው የመጀመሪያው መውጣት ይህ ነው። ዩቶች ግን ታቫ እያሉ በግርጌው ለብዙ ትውልድ ኖረዋል። ፓይክ ራሱ በስሙ አልጠራውም፤ ስሙን የለጠፉበት ከእሱ በኋላ የመጡ ተጓዦችና ካርታ ሠሪዎች ናቸው። በ1858 ወርቅ ተገኘ ተብሎ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ወደ ኮሎራዶ ሲጎርፍ ደግሞ የተራራው ስም በየጋሪው ላይ ተጻፈ፤ በዚያው ጸንቶ ቀረ።

ወታደር እንዴት መንገድ ይጠፋበታል?

በእጁ ያለው ካርታ ተራሮቹን ያላየ ሰው የሣለው ነበር። ያ ካርታ ዋና ዋናዎቹ ወንዞች ሁሉ ከአንድ አካባቢ የሚነሱ ያስመስል ነበር። ስለዚህ ፓይክ ከአርካንሳስ ተነጥሎ ተራሮቹን ሲዞር አንድ ትልቅ ወንዝ አገኘና ሬድ ወንዝ ነው ብሎ አመነ። ገናን በዛሬዋ ሳላይዳ አቅራቢያ ከወንዙ ዳር አከበሩ። በዋዜማው የተገደሉ ጎሾችን ሥጋ በልተዋል፤ ጨው የለም። ብርድ ልብሳቸውን ቀደው እግራቸውን ጠቅልለውበት ስለነበር ሌሊቱን የሚለብሱት አልነበራቸውም። ከዚያ ወንዙን ተከትለው በገደል መካከል ወረዱ። ጃንዋሪ 5 ቀን 1807፣ 28 ዓመት በሞላው ቀን፣ ፓይክ አንድ ከፍታ ላይ ወጥቶ ሲያይ የቆመው ከወር ገደማ በፊት የለቀቀው የአርካንሳስ ወንዝ ላይ ነው። ዞረው ዞረው እዚያው።

በዚህ ጊዜ መመለስ ይቻል ነበር። ፓይክ ፈረሶቹን ከሁለት ሰዎች ጋር ትቶ፣ ሌሎቹን ሸክም አሸክሞ በእግር ወደ ደቡብ ምዕራብ ቀጠለ። ጃንዋሪ 17 ምሽት ላይ ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ የዘጠኙን እግር ውርጭ መታው። ጆን ስፓርክስና ቶማስ ዶርቲ መራመድ አቃታቸው፤ ጥቂት ሥጋና ጥይት ተሰጥቷቸው ቀሩ። ከቀናት በኋላ ሦስተኛ ሰው ቀረ። ጆን ብራውን የሚባል ወታደር እህል ሳይቀምሱ ሦስት ቀን በዚህ ሁሉ በረዶ ውስጥ የፈረስ ሸክም ተሸክሞ መጓዝ የሰው ልጅ የሚችለው አይደለም ብሎ አማረረ። ፓይክ ሰማ፤ ዝም አለ። ማታ ጎሽ ተገድሎ ሁሉም ከበላ በኋላ ጠርቶ ወቀሰው፤ ሁለተኛ ቢደግመው በሞት እንደሚቀጣው አስጠነቀቀው።

ከሳንግሬ ደ ክሪስቶ ተራሮች ወዲያ ወርደው በኮኔሆስ ወንዝ ዳር የእንጨት ምሽግ ሠሩ። ከዚያ ፓይክ ለቀሩት ሰዎች ወደ ኋላ ላከ። የተላኩት በፌብሩዋሪ አጋማሽ ሲመለሱ ስፓርክስና ዶርቲ አሁንም መንቀሳቀስ እንደማይችሉ ተናገሩ። ሁለቱ በመልእክተኞቹ እጅ ከገዛ እግራቸው የወጡ አጥንቶችን ለፓይክ ልከዋል። ከነሕይወታችን ተበስብሰን እንዳንቀር አትተወን ማለታቸው ነው። ፓይክ ይህን ሲጽፍ ልቡ መሰበሩ ይታያል፤ እንዲመጡ ያዘዛቸው ግን እሱ ነው። ሰዎቹን በኋላ ያወጧቸው ስፔኖች ናቸው።

ታዲያ ሰላይ ነበር?

ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1807 አንድ መቶ ያህል የስፔን ወታደሮች ምሽጉ ጋ ደረሱ። መኮንኑ መንገድ ጠፍቷችኋልና ሳንታ ፌ እናደርሳችሁ አለ። ፓይክ «ይህ ሬድ ወንዝ አይደለም እንዴ?» ሲል ጠየቀ። የለም፤ ሪዮ ግራንዴ ነው፤ የስፔን ግዛት ውስጥ ናችሁ ተባለ። ፓይክ ባንዲራውን አወረደ።

እውነት ጠፍቶት ነው ወይስ ሆን ብሎ? ሁለት ማስረጃዎች ይጋጫሉ። አንደኛው በጉዞው መጀመሪያ በጁላይ 1806 ለዊልኪንሰን የጻፈው ደብዳቤ ነው። ከስፔኖች ጋር ብንገናኝ መንገድ ስተን ነው ልንል እንችላለን ይላል፤ ሳንታ ፌ ድረስ ዘልቆ የማየትን ሐሳብም ያነሳል። በዚህ ላይ ሐኪሙ ሮቢንሰን ስፔኖች ከመምጣታቸው በፊት ብቻውን ወደ ሳንታ ፌ ሄዶ ነበር፤ ምክንያቱ የአንድ ነጋዴ ዕዳ ማስመለስ ነው ተባለ። ዕዳው እውነተኛ ነው፤ ዕዳ ለማስከፈል ግን በዚያ ክረምት ማንም ተራራ አያቋርጥም። ሌላው ማስረጃ የታኅሣሡ ዙሪት ነው። ራሱ ላይ ተመልሶ የመጣ፣ ልደቱን በሐዘን የጻፈ፣ የወታደሮቹን እግር ያሳጣ ሰው ሁሉንም ያደረገው ለማስመሰል ነው ማለት አይቻልም።

የእኔ ግምት ሁለቱም እውነት ናቸው የሚል ነው። ስለ ስፔን ግዛት መረጃ መሰብሰብ ተልእኮው ነበር፤ ይህን አውቆ ነው የሄደው። የትኛው ወንዝ ላይ እንዳለ ግን ከልቡ አላወቀም። የበርን ሴራና የዊልኪንሰንን የስፔን ደመወዝ ያውቅ እንደነበረ የሚያሳይ ሰነድ የለም።

ስፔኖች ወደ ሳንታ ፌ፣ ከዚያም የአውራጃዎቹ የበላይ አዛዥ ኔሜሲዮ ሳልሴዶ ወዳሉበት ቺዋዋ ወሰዱት። ወረቀቶቹን ቀሙት፤ እሱንና ሰዎቹን ግን በአክብሮት ያዟቸው። አጃቢው በፓውኒ መንደር ባንዲራውን የተወው መልጋሬስ ራሱ ነበር፤ ወዳጆችም ሆኑ። ፓይክ በጉዞ ላይ በድብቅ የጻፋቸውን አዳዲስ ማስታወሻዎች ጠቅልሎ በወታደሮቹ ጠመንጃ አፈሙዝ ውስጥ አስገብቶ በቴክሳስ በኩል ጁላይ 1 ቀን 1807 በሉዊዚያና ያለችው ናኪቶሽ ከተማ ገባ። የተቀሙት ወረቀቶች መቶ ዓመት ሜክሲኮ ቆይተው፣ የታሪክ ተመራማሪው ኸርበርት ቦልተን በመዛግብት ውስጥ ካገኛቸው በኋላ ወደ አሜሪካ ተመለሱ።

አገሩ የጠበቀው ጥርጣሬ ነው። በር በዚያው ዓመት በክህደት ተከሶ ፍርድ ቤት ቆመ፤ በነጻም ተለቀቀ። ፓይክ የዊልኪንሰን ሰው ስለሆነ ስሙ አብሮ ተነሳ። የጦር ሚኒስትሩ ሄንሪ ዲርቦርን በ1808 ከጥርጣሬ ነጻ የሚያደርግ ደብዳቤ ጻፈለት። ለሉዊስና ክላርክ ሰዎች ኮንግረስ መሬትና እጥፍ ደመወዝ ሲሰጥ የፓይክ ሰዎች፣ እግራቸውን ያጡትም ጭምር፣ ምንም አላገኙም።

ጉዞው ምን ለወጠ?

የፓይክ የጉዞ ዘገባ በ1810 ታተመ፤ ወዲያው ወደ ፈረንሳይኛ፣ ጀርመንኛና ደችኛ ተተረጎመ። ስፔን ለውጭ ሰው ዘግታ የያዘችውን ሰሜናዊ ሜክሲኮ ከውስጥ ያየ አሜሪካዊ መኮንን የጻፈው የመጀመሪያው ዘገባ ነበር። የወታደሩን ቁጥር፣ የመንገዱን ርቀት፣ የከተሞቹን ኑሮ ይዘረዝራል። ነጋዴዎች ዓይናቸውን የጣሉት የዋጋ ዝርዝሩ ላይ ነው፤ ሳንታ ፌ ከውጭ የመጣ ጨርቅ እንደ እሳት ይወደዳል። ሜክሲኮ በ1821 ነጻ ወጥታ በሯን ስትከፍት ዊሊያም ቤክኔል የሚባል የሚዙሪ ነጋዴ ዕቃ ጭኖ ሄደ፤ የሳንታ ፌ መንገድ የሚባለው የንግድ መስመር ተጀመረ። ከ1846ቱ የአሜሪካና የሜክሲኮ ጦርነት በኋላ ደግሞ ኒው ሜክሲኮ ራሷ የአሜሪካ ሆነች።

ፓይክ ያተረፈው አንድ ትልቅ ስህተትም አለ። መካከለኛውን ሜዳ ሲገልጽ ወደፊት እንደ አፍሪካ አሸዋማ በረሃዎች ሊታወቅ የሚችል ምድር ነው አለ። ነጮች አያርሱትም፤ ለነባር ሕዝቦች ቢተው ይሻላል ብሎም አሰበ። በ1820 በዚያ ያለፉ ተጓዦች ይህንኑ አጠናከሩት፤ ሜዳው በካርታ ላይ «ታላቁ የአሜሪካ በረሃ» ተብሎ ለአሥርተ ዓመታት ተጻፈ። ዛሬ ካንሳስና ነብራስካ የስንዴና የበቆሎ አገር ናቸው።

ለጄፈርሰንም ሁለት የግሪዝሊ ድብ ግልገሎች ላከላቸው። ከተራራ ተይዘው፣ ልጅ ሳሉ በፈረስ ጭን ላይ ታቅፈው የመጡ ናቸው። ጄፈርሰን ፊላደልፊያ ወደሚገኘው ወደ ቻርልስ ዊልሰን ፒል ሙዚየም አስተላለፏቸው።

እንዴት ሞተ?

በ1812 አሜሪካና ብሪታንያ ሲዋጉ ፓይክ ኮሎኔል ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት ብርጋዴር ጄኔራል ሆነ። ኤፕሪል 27 ቀን 1813 ወደ 1,700 የሚሆኑ ወታደሮችን መርቶ በኦንታሪዮ ሐይቅ ዳር ዮርክ ላይ ወረደ። ዮርክ የዛሬዋ ቶሮንቶ ናት። ውጊያው ለአሜሪካውያን ቀናቸው። የብሪታንያው ጄኔራል ሮጀር ሼፍ ሲያፈገፍግ ትልቁ የባሩድ መጋዘን እንዲቃጠል አዘዘ። ፓይክ በዚያ ቅጽበት ከመጋዘኑ ብዙ ሳይርቅ አንድ ምርኮኛ ይጠይቅ ነበር። ፍንዳታው ድንጋይና ግንድ ወደ ሰማይ አነሳ፤ ከ200 በላይ አሜሪካውያን ሞቱ ወይም ቆሰሉ። ድንጋይ የመታው ፓይክ ወደ መርከብ ተወስዶ ሞተ። 34 ዓመቱ ነበር። የተቀበረው ኒው ዮርክ ውስጥ ሳኬትስ ሃርበር ነው።

ከዚያ በኋላ የዮርክ የምክር ቤት ሕንፃ ተቃጠለ። ብሪታንያውያን በኦገስት 1814 ዋሽንግተንን ሲያቃጥሉ አንዱ ምክንያታቸው ይህ ነበር።

የዳኮታዎቹ ውልስ?

ሴኔቱ በ1808 ውሉን አጸደቀው፤ ባዶ በተተወው ቦታ ላይ 2,000 ዶላር ብሎ ሞላ። ፓይክ የገመተው 200,000 እንደነበር አስታውሱ። ፕሬዚዳንቱ በአዋጅ አላወጁትም። 2,000 ዶላር የሚያወጣው ዕቃ ለዳኮታዎች የደረሰው በ1819 ነው፤ በዚያው ዓመት ጦሩ በመሬቱ ላይ ፎርት ስኔሊንግ የተባለውን ምሽግ ለመሥራት መጣ። ከምሽጉ ዙሪያ በኋላ ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል አደጉ።

በ1862 በዳኮታዎችና በአሜሪካ መካከል ጦርነት ሆነ። ሲያልቅ ከ1,600 የሚበልጡ ዳኮታዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች፣ ውሉ በተፈረመበት አካባቢ ከምሽጉ ግርጌ ወንዝ ዳር በአጥር ተከበው ክረምቱን አሳለፉ። በበሽታ ብዙ ሰው ሞተባቸው። በ1863 ኮንግረስ ከዳኮታዎች ጋር የነበሩትን ውሎች ሰርዞ ሕዝቡ ከሚኒሶታ እንዲባረር ወሰነ። የ1805ቱ መሬት አልተመለሰም። ደሴቷ እስከ ዛሬ የፓይክ ደሴት ትባላለች።